ትንሿ ባቡር ወዴት ትሄዳለች?

ዕድሜው ከዐርባ ያለፈ፥ ጢሙን ያሳመረ፥ ኮቱን ከነሰደርያው የለበሰ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ መንኰራኵር ሲያስተካክል ያየ እንግዳ፥ መጀመሪያ የሚመጣበት ሳቅ ነው። ሳቁን በጨዋነት ቢገታው እንኳ በልቡ መጠየቁ አይቀርም፤ «ይህ ሰው ሚስትና ልጅ የለውምን? ሥራስ የለውምን?» ይላል። የ1939 ጦርነት ሳይነሣ በፊት በሎንዶን አዳራሾች የትንንሽ ምድር ባቡር ትርኢት በሚታይበት ጊዜ፥ ከገመዱ ውጭ ከቆመው ሕዝብ ብዙው እንዲህ ያስብ እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም። ከገመዱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ግን ሥራም ሚስትም ልጅም ነበራቸው። መሐንዲስ፥ የኢንሹራንስ ሠራተኛ፥ ነጋዴ፥ ሰባኪ፥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ቀን በየሥራቸው ውለው ማታ ከመብራት አጠገብ ተቀምጠው በሞረድና በብየዳ፥ በሙጫና በመቀስ ሲደክሙ ያመሻሉ፤ የድካማቸውንም ፍሬ በዓመት አንድ ጊዜ ለጥቂት ቀን በሰው ፊት ያቀርባሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከተመልካቹ ሁሉ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆነው ሕፃን ነው። ዐዋቂው ስለ ዋጋዋና ስለ ፍጥነቷ ይጠይቃል፤ ለዚህ መልስ አለ። ሕፃኑ ግን አገጩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ጥቂት ካየ በኋላ «ወዴት ትሄዳለች?» ይላል። ለዚህች ጥያቄ የትርኢቱ ሰዎች ብዙ ዘመን ደኅና መልስ አልነበራቸውም። ባቡሯ የትም አትሄድምና። ከተነሣችበት ዞራ እዚያው ትመለሳለች።

ነገሩ የተስፋፋው በጀርመን አገር አሻንጉሊት ሠሪዎች እጅ ነው። ቀድሞ ለልጆች የሚሸጠው የቆርቆሮ ባቡር ብዙው ወለል ለወለል የሚጐተት ነበረ፤ ሐዲድ ቢኖረውም ያንዱ ሠሪ ሐዲድ ለሌላው ሠሪ ባቡር አይሆንም። በ1891 የጐፒንገን ከተማ ቆርቆሮ ሠሪዎች የሆኑት የሜርክሊን ቤተ ሰቦች በላይፕዚግ ታላቅ ገበያ፥ በፈረንጅ ስምንት ቍጥር ቅርጽ የተዘረጋ ሐዲድ አቅርበው፥ እንደ ሰዓት በቍልፍ የሚጠመዘዝ ባቡር በላዩ አስኬዱ። ሕዝቡን ያስደነቀው የባቡሩ መሄድ ነው። ለንግድ የጠቀመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የሐዲዱን ስፋት በቍጥር መድበው መለየታቸው ነው። ቍጥር 1 የተባለው 45 ሚሊሜትር፥ ከጥቂት ዘመን በኋላ የመጣው ቍጥር 0 ደግሞ 32 ሚሊሜትር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዛሬ ሐዲድ የገዛ አባት ለልደት ፉርጎ፥ ለሚመጣው በዓል ጣቢያ፥ ለከርሞ ድልድይ ሊገዛ የግድ ሆነበት። ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ምን ይመኛል! ሌሎቹም ሠሪዎች፥ ከነዚሁም ታላቁ የኑረምበርጉ የቢንግ ፋብሪካ፥ ይህንኑ ልክ ተከተሉ።

በእንግሊዝ አገር ነገሩን ያቀናው ከኖርታምፕተን ከተማ የተነሣ ሰው ነው። ኖርታምፕተን በጫማ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት፤ ሚስተር ወንማን ባሴት ሎክ ግን የእንፋሎት ጋን ከሚሠራ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የትንንሽ መኪና ዕቃ በፖስታ መሸጥ ጀመሩ፤ በ1900 በፓሪስ ታላቅ ትርኢት የጀርመኖቹን ሠሪዎች ሥራ አይተው ከቢንግ ጋር ተዋዋሉ። የጀርመን ፋብሪካ በእጅ ሥራው ንጹሕ ነበረ፤ ነገር ግን የሚሠራው ባቡር የእንግሊዝን ባቡር አይመስልም። ስለዚህ ሄንሪ ግሪንሊ የሚባሉ መሐንዲስ በእንግሊዝ ሐዲድ ላይ በእውነት የሚሄደውን ባቡር ለክተው ንድፍ ሠሩ፤ ኑረምበርግ በንድፉ መሠረት ቆርቆሮውን ቈረጠ፤ ኖርታምፕተን ሸጠ። አሻንጉሊት ከአምሳያ የተለየው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። አሻንጉሊት ባቡርን ያስታውሳል፤ አምሳያ ግን አንድ የታወቀ ባቡርን፥ በስሙና በቀለሙ፥ በመስኮቱ ቍጥር ሳይቀር ይመሰክራል።

ሚስተር ፐርሲቫል ማርሻል በ1898 ስለ ትንንሽ መኪና ሥራ የሚናገር ጋዜጣ አቋቁመው ነበር፤ በ1907 ደግሞ የአንባቢዎቻቸውን የእጅ ሥራ ሰብስበው በሎንዶን በሆርቲካልቸራል አዳራሽ ትርኢት አሳዩ። በ1909 ግሪንሊና ባሴት ሎክ ስለ ትንንሽ ባቡር ብቻ የሚጽፍ ሌላ መጽሔት አወጡ። በታኅሣሥ ወር 1910 በሎንዶን የትንንሽ ምድር ባቡር ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ እስከ ዛሬም አለ። ይህ ማኅበር ትርኢቱን በፋሲካ ሰሞን ማድረግን ልማድ አደረገ፤ ለብዙ ዘመንም የሚያሳየው በዌስትሚኒስተር በሚገኘው በሜቶዲስቶች ታላቅ አዳራሽ ነበረ።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ የትርኢት ባቡሮች ምን ይመስሉ ነበር? ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተገጣጥሞ ታላቅ ክብ ይሠራል፤ በክቡ ላይ ሐዲድ ይዘረጋል፤ በአንድ ወገን የቆርቆሮ ጣቢያ ይቆማል፤ ምናልባት ዋሻ ይኖራል፥ ዋሻውም የተቀባ ሣጥን ነው። ከዚህ በቀር አገር የለም። ጣቢያው የሚያገለግለው ከተማ የለም፤ መንገድ የለም፤ ከዋሻው በላይ ተራራ የለም። ሐዲዱ በባዶ ጣውላ ላይ ይዞራል።

ይህን የሠሪዎቹ ስንፍና ነው ብሎ የሚፈርድ ይሳሳታል። ክብ የሆነው በግድ ነው። በእንፋሎት የምትሄደው ትንሿ ባቡር ከሆዷ በታች በአልኮል መብራት ይነድዳል፤ አንድ ጊዜ ውሃዋ ከፈላ ዘንድ አልኮሉ ወይም ውሃው እስኪያልቅ ድረስ መሮጥ ትወዳለች፤ በጣቢያ ቁሚ ብትባል አትሰማም። ጠረጴዛው ጫፍ ቢኖረው ከጫፉ ትወድቅ ነበር፤ የሚንጠባጠበውም አልኮል አልፎ አልፎ ሐዲዱን ያቃጥል ነበር። በቍልፍ የምትጠመዘዘው ደግሞ የተጠመጠመው ብረቷ ሲላላ ባለችበት ትቆማለች፤ የምትቆምበትን ቦታ የምትመርጠው እሷ ናት እንጂ ባለቤቷ አይደለም። ባለቤቷም እጁን ዘርግቶ አንሥቶ እንደገና ይጠመዝዛታል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ሲመጣ ብቻ ባቡሯን ከሩቅ ማስነሣት፥ ማቆም፥ ወደ ኋላ መመለስ ተቻለ። ልታቆማት የማትችላትን ባቡር መድረሻ ልትሰጣት አትችልም፤ የሕፃኑ ጥያቄ መልስ ያጣው ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ዘመን ዓላማ የነበራቸው ትንንሽ ባቡሮች ቢፈለጉ የሚገኙት ከትርኢት አዳራሽ ውጭ ነው። በአንዳንድ የእንግሊዝ ታላላቅ ጣቢያዎች በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የቆመ የባቡር አምሳያ ነበረ። አንድ ፔኒ ሲገባበት መንኰራኵሩ ባለበት ይሽከረከራል፤ ባቡሩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ ለበጎ አድራጎት፥ አባቶቻቸው በባቡር ሥራ ለሞቱባቸው ልጆች ማሳደጊያ ጭምር ይውል ነበር። የላንካሻየርና የዮርክሻየር ምድር ባቡር ኩባንያ ደግሞ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ በማንቸስተር ጣቢያ የምልክት ሰጭዎች ትምህርት ቤት ከፍቶ፥ ሐዲዱ፥ መለያያው፥ የምልክት ክንዱ ሁሉ በትንሹ የተሠራ ሰፊ ጠረጴዛ አቆመ። ተማሪው በዚያ ላይ ቢሳሳት ሁለት የአሻንጉሊት ባቡር ይጋጫሉ፤ ማንም አይሞትም። ትምህርቱን ጨርሶ ሲወጣ ግን በእጁ የሚያዘው የብዙ ሰው ሕይወት ነው። ይህ ጠረጴዛ አሁን በዮርክ ከተማ በብሔራዊው የምድር ባቡር ሙዚየም ይገኛል። በጠረጴዛ ላይ የሚሄድ ባቡር የልጅ ጨዋታ ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህን ማሳየት ይበቃል፤ ነገር ግን የትርኢቱ ሰዎች ይህን ማስረጃ ሲያነሡ እምብዛም አይሰማም። ምናልባት ጨዋታ መባሉን አልጠሉት ይሆናል።

የ1914 ጦርነት የኑረምበርግንና የኖርታምፕተንን ውል ቈረጠው። ባሴት ሎክ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበትን ረቂቅ መለኪያ ሲሠሩ ቈዩ። እዚህ ላይ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ሳያነሡ ማለፍ ይከብዳል። የዱሮውን የእንፋሎት ባቡር በትንሹ እየሠሩ የሚሸጡት እኒህ ነጋዴ፥ ለራሳቸው መኖሪያ ግን የዱሮ ነገር አይወዱም ነበር። በጦርነቱ መካከል በ1916ና በ1917 የስኮትላንዱን ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽን አስጠርተው የቤታቸውን ውስጥ እንደ አዲስ አሠሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በ1926 ጀርመናዊው ፔተር ቤረንስ በነደፉት፥ ጣራው ጠፍጣፋ በሆነ ነጭ ቤት ገቡ። ከጀርመን ጋር የተደረገው ጦርነት ከጀርመን ሰው ጋር ያላቸውን የጥበብ ወዳጅነት አላጠፋባቸውም።

የገበያው ሕዝብ ግን እንዲህ ሰፊ ልብ አልነበረውም። «የጀርመን ሥራ» የሚል ጽሕፈት ያለበትን አሻንጉሊት ለልጁ መግዛት የሚጠላው ብዙ ነበረ። በ1920 የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ የእንግሊዝ ባቡር ብለው በቍጥር 0 ልክ ማውጣት የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። ቢሆንም ለዚህ ታሪክ ከሆርንቢ ይልቅ የሚበልጠው፥ በ1922 ቢንግ ያወጣው የጠረጴዛ ባቡር ነው። የሐዲዱ ስፋት 16 ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ነበረ፤ የቍጥር 0 ግማሽ ያህል ማለት ነው። ሥራው እንደ ታላላቆቹ የተዋበ አልነበረም፤ አንዳንዱም እንደ ብስኩት ቆርቆሮ ነው ብሎ ናቀው። የተናቀችው ትንሽ ባቡር ግን ታላቂቱ ያላመጣችውን ነገር ይዛ መጣች፤ ይኸውም ባዶ ቦታ ነው።

ይህን ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። በቍጥር 0 የሚሠራው የእንግሊዝ ባቡር ከእውነተኛው 43 ጊዜ ተኩል ያንሳል። በዚህ ልክ የአንድ ኪሎሜትር መንገድ 23 ሜትር ይሆናል፤ ይህን የሚችል ክፍል ያለው መኰንን ካልሆነ በቀር ማን ነው? 17 ሜትር ተኩል ግድም የሚረዝም የመንገደኛ ፉርጎ 40 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ አምስቱ ሲቀጠሉ ከአንዱ ግድግዳ ተነሥተው ሌላው ግድግዳ ሊደርሱ ምንም አይቀራቸው። ባቡሩ ክፍሉን ይሞላዋል፤ ለአገሩ ቦታ አይተርፍም። በአዲሱ ልክ ግን፥ ከእውነተኛው 76 ጊዜ በሚያንሰው፥ ያው ኪሎሜትር 13 ሜትር፥ ያው ፉርጎ 23 ሳንቲሜትር ይሆናል። ድሀ ጸሐፊ በአንዲት ክፍሉ ውስጥ ጣቢያ፥ ከጣቢያው ጀርባ መንገድ፥ ከመንገዱ ማዶ የዳቦ መጋገሪያ ቤት ሊያቆም ቻለ።

በዚህ ልክ ውስጥ አንድ ጉድለት አለ፤ ዐዋቂዎቹም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የእንግሊዝ ባቡር ከሌላው አውሮፓ ባቡር ይጠባል፤ በ16 ሚሊሜትር ተኩል ሐዲድ ልክ በትክክል ቢሠራ ኖሮ የዚያን ጊዜው የኤሌክትሪክ ሞተር በሆዱ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የባቡሩን ገላ አተለቁት፥ ሐዲዱን ግን በነበረበት ተዉት። ሐዲዱ በባቡሩ ልክ ተባዝቶ ቢሰላ አንድ ሜትር ከ257 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ እውነተኛው የእንግሊዝ ሐዲድ ግን አንድ ሜትር ከ435 ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ምድር ባቡር ሐዲዱ አንድ ሜትር ስለ ነበረ፥ የእንግሊዞቹ ትንሽ ባቡር በሁለቱ መካከል፥ በዓለም በሌለ ሐዲድ ላይ ትሄዳለች ማለት ነው። ሆርንቢ በ1938 ባቡሩን በዚሁ ልክ ባወጣ ጊዜ ስሕተቱ በሺሕ ቤቶች ገባና የሚነቀል አልሆነም።

ስፍራው ከተገኘ በኋላ አገሩን በምን ይሠሩታል? ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ብረት የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ ለመንኰራኵር እንጂ ለቤትና ለዛፍ ደንታ አልነበራቸውም። ይህን ያቀለለው በስኮትላንድ የሚኖሩ ሬቨረንድ ኤድዋርድ ቢል የሚባሉ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ናቸው። በ1937 ስለ ባቡር አምሳያ ሥራ መጽሐፍ ጽፈው፥ በካርቶንና በወረቀት፥ በስል ቢላዋና በሙጫ ፉርጎውም ጣቢያውም ሊሠራ እንደሚችል በሥዕል እያስረዱ አስተማሩ። በመጽሐፉ የሚታየው የራሳቸው ባቡር መንገድ በዓለም የሌለ ነው፤ ነገር ግን ስም፥ ካርታ፥ የጉዞ ሰዓት ነበረው። ማስገጠሚያ መኪና መግዛት የማይችል ሁሉ ይህን መጽሐፍ በእጁ ይዞ ማታ ሥራ ጀመረ። (ካህናትና ባቡር በእንግሊዝ አገር እንዴት እንደ ተዋደዱ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ስማቸው የተጠራው ሬቨረንድ ኦድሪ፥ በኩፍኝ ለታመመ ልጃቸው ስለ ባቡሮች የነገሩት ተረት በ1945 ታትሞ በዓለም ሁሉ ተነብቧል፤ የሬቨረንድ ፒተር ዴኒም የባኪንግሃም ባቡር መንገድ ዝነኛ ሆኗል። የስብከትን መጽሐፍ በጥሞና ማዘጋጀት የለመደ እጅ ለዚህም ሥራ ሳይመች አልቀረም።)

የሕፃኑን ጥያቄ በሙሉ ልብ የመለሱት ግን ሚስተር ጆን ኤኸርን ናቸው። ኑሯቸው በኢንሹራንስ ሥራ ነበረ፤ ማለት የዕለት ሥራቸው ቤት ሲቃጠል፥ መርከብ ሲሰጥም፥ ንብረት ሲጠፋ የሚመጣውን ጉዳት ማስላት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ምን ዓይነት አገር ለመሥራት ይመኛል? ኤኸርን ታላቅ ባቡር አልሠሩም። ከ1939 ጦርነት ጥቂት ቀደም ብለው የጀመሩት «የማደር ሸለቆ ምድር ባቡር» ድሀ፥ ትንሽ፥ ቀርፋፋ የገጠር መንገድ ነው። ከባሕር ወደብ ከማደርፖርት ተነሥታ በሸለቆው እየወጣች ጋሞን ማግና ከምትባል ከተማ ትደርሳለች። በመንገድ ያለችው አንዲት ጣቢያ ስሟ ማች ማደር ነው፤ ማደር በእንግሊዝኛ «የባሰ ዕብድ» የሚለውን ቃል ይመስላል። ከገመዱ ውጭ ያለው ሰው ሳይስቅባቸው አስቀድመው ራሳቸው በራሳቸው ሣቁ።

በማደር ሸለቆ ባቡሯ ትንሽ ናት፤ አገሩ ይበልጣታል። ቤቶቹ ከልብ ወለድ የተነሡ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በእውነት በልዩ ልዩ የእንግሊዝ መንደር የቆሙ፥ ተለክተውና ፎቶግራፍ ተነሥተው በካርቶን የተቀረጹ ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ግላዲስም በሥራው ተካፋይ ነበሩ። ከዚህም ሌላ ኤኸርን በዚያ ዘመን ነውር የሚመስል ነገር አደረጉ። የትርኢት ባቡር እንደ ሙሽራ የሚያብረቀርቅ መሆን ነበረበት፤ እሳቸው ግን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ አቈሸሹት። በጭስ ማውጫው ጥላሸት፥ በብረቱ ዝገት፥ በግድግዳው የዝናብ ጠባሳ፥ በሣሩ መካከል የተጣለ አሮጌ ፉርጎ አገቡ። አዲስ ነገር ማንም ሊያብረቀርቅ ይችላል፤ ዕድሜን መሥራት ግን ማየትን ይጠይቃል። ዝገት ከየት ይጀምራል? ውሃ በግድግዳ ላይ በየት በኩል ይወርዳል? የገጠር ሰው በሩን በየትኛው ወገን በጫማው ይመታዋል? ይህን ለማወቅ ሰው ወጥቶ በመንገድ ቆሞ የሌላውን ሰው ቤት በፍቅር ማየት አለበት።

ይህን በተመሳሳይ ዘመን ሌላ ሰው ከሌላ ማዕዘን ጀመረው። ሚስተር ሮይ ኢንግላንድ ገና ወጣት ሳሉ በ1925 ከአውስትራልያ ወደ እንግሊዝ አገር መጡ። የኖሩበት አውራጃ የነጭ ፈረስ ሸለቆ ይባላል፤ ከጥንት ዘመን ጀምሮ በኮረብታው ላይ ሣሩ ተገፎ፥ ከሥሩ ባለው ነጭ አፈር የተሣለ ታላቅ ፈረስ አለበትና ነው። እንግዳ ስለ ነበሩ ያገሩ ሰው የማያየውን አዩ። የሣር ክዳኑ እየተገፈፈ በርካሽ አዲስ ክዳን ይተካል፤ አሮጌው የእንጨት ቤት ይፈርሳል፤ ማንም አያለቅስም፥ ባለቤቱም መሻሻሉን ይወዳል። ባለቤቱን መውቀስም አይገባም፤ የሚያፈስ ጣራ የሚያምረው ከሥሩ ለማያድር ሰው ነው። ሮይ ኢንግላንድ ፍርሻውን ማቆም አልቻሉም። ስለዚህ በ1930ዎቹ ዓመቶች ሜትርና እርሳስ ይዘው በየመንደሩ እየዞሩ ቤቶቹን ሳይፈርሱ በፊት ይለኩ፥ በዚያው 76 ጊዜ በሚያንሰው ልክ ይሠሩ ጀመር። ግድግዳው ካርቶን ነው፤ ጡቡ አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ተጭሮ፥ አንድ በአንድ በውሃ ቀለም ይቀባል። የሣር ክዳኑ የቧንቧ ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት ቃጫ ተበጥሮ ይከደናል። ለአንዲት ጎጆ ብዙ ወራት ይጠይቃል።

በባሕር ማዶ አሜሪካኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት የምድር ባቡር ኩባንያዎች ተባብረው እንደ ቴአትር መድረክ የተዘጋጀ ታላቅ የትንንሽ ባቡር አገር አሳዩ፤ ተመልካቹ በወንበር ተቀምጦ ይመለከታል። በ1941 ደግሞ በቺካጎ ሙዚየም የሳንታ ፌ ኩባንያ ሌላ ታላቅ አቆመ። ሁለቱም የሚደነቁ ነበሩ። ነገር ግን ኩባንያ ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው ሥራ የኩባንያውን ኀይል ይናገራል፤ ድሀ የገጠር መንገድን ለመሥራት ገንዘብ የሚከፍል ኩባንያ የለም።

የ1939 ጦርነት ሲመጣ ትርኢቶቹ ተዘጉ። ከ1942 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የብረት አሻንጉሊት መሥራት ተከለከለ፤ ወረቀትም በልክ ይታደል ነበር። የኖርታምፕተን ሠሪዎች የጦር መርከብን መልክ ለማስለየት የሚሆን አምሳያ፥ ኋላም በ1944 ለኖርማንዲ ወረራ የተዘጋጀውን ተንሳፋፊ ወደብ በትንሹ ሠሩ። የጦር አለቆች በጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለው እነዚያን አምሳያዎች ሲመረምሩ የሳቀባቸው ሰው አልተሰማም። የቢንግ ፋብሪካ ቀደም ብሎ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከስሮ ነበር፤ ከዚያው ቤተ ሰብ የሆኑትና በኑረምበርግ ትሪክስ የተባለውን ባቡር ያወጡት ሽቴፋን ቢንግ፥ አይሁዳዊ ስለ ነበሩ ናዚዎች ያቋቋሙትን ነጠቋቸው፤ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። በጥር መጀመሪያ 1945 የኑረምበርግ አሮጌው ከተማ በአንድ ሌሊት በቦምብ ወደመ። ከመቶ ዓመት በላይ ለዓለም ልጆች ትንንሽ ከተሞችን ሲሸጥ የኖረው ታላቁ ከተማ ራሱ ፍርስራሽ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ የትርኢት ክቦች ከሞላ ጐደል ሁሉም ጠፍተዋል። ለጥቂት ቀን የተገጠመ ጠረጴዛ ትርኢቱ ሲያልቅ ይፈታል፤ ባቡሮቹ በየሣጥናቸው ይመለሳሉ፤ ጣውላው ለሌላ ሥራ ይውላል። የተረፈው ባቡሩ ነው፤ ዛሬ በብዙ ገንዘብ ይሸጣል። የዞረበት ባዶ ስፍራ ግን ምን አስቀርቶ ይተርፋል?

የማደር ሸለቆ ተርፏል። ኤኸርን በጦርነቱ ዓመቶችም ሥራቸውን አልተዉም፤ የሚያውቁትን በመጽሐፍና በጋዜጣ አስተማሩ፤ በ1961 ዐረፉ። ሮይ ኢንግላንድ በ1954 በኦክስፎርድ አውራጃ፥ በሎንግ ዊተንሃም መንደር፥ ፔንደን የሚባል ሙዚየም አቋቁመው ስለ ነበር፥ ወይዘሮ ኤኸርን የባላቸውን ሥራ ለዚያ ሰጡ። አሁን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱ አገሮች ጐን ለጐን ይገኛሉ፤ አንዱ በእውነት የነበረውና የፈረሰው፥ አንዱ በእውነት ያልነበረውና ያልፈረሰው። በካርቶን የተሠሩት ጎጆዎች፥ ለብዙዎቹ እውነተኛዎቹ ጎጆዎች ዛሬ የቀሩ የመጨረሻ ምስክሮች ናቸው።

የማደር ሸለቆ ባቡሮች አርጅተዋል፤ ስለዚህ የሚሄዱት በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ቀኖች ብቻ ነው። በነዚያ ቀኖች ሰው ይሰበሰባል፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ የሚደርስ አገጭ ያለው ሕፃንም አይጠፋም። የሙዚየሙ ሰው እጁን በመቈጣጠሪያው ላይ አኑሮ ይጠብቃል። ሕፃኑ ያችን ጥያቄ ሲጠይቀው «ወደ ጋሞን ማግና» ይለዋል። ባቡሯም ከማደርፖርት ቀስ ብላ ትነሣለች፥ ከቤቶቹ ኋላ ትሰወራለች፥ በሌላ ስፍራ ብቅ ትላለች፥ መጨረሻ ጣቢያ ስትደርስም ትቆማለች። ሞተሯ ከፉርጎዎቹ ተፈትታ በጐን ሐዲድ ትዞራለች፤ በኋላቸው ትገጠማለች፤ እዚያም ጥቂት ትጠብቃለች።